በከፍታ ላይ ለሚነዳ ሰው የትኛው ይሻላል? ባለ 250 (የሲሊንደሩ ይዘት 250 ሲሲ የሆነ) ቱ ስትሮክ ወይስ ባለ 250 ፎር ስትሮክ?

ጠዋት_በደንቨር
እሑድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ኮሎራዶ፣ ደንቨር ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ራምፓርት ሬንጅ በሚባለው ተራራማ ደን ውስጥ፣ አልፎ አልፎም በሞቶክሮስ (የአፈር ላይ ውድድር) ሜዳ ላይ ሞተር ሳይክል እነዳለሁ። ክብደቴ 82 ኪሎ ነው። ጀማሪ አይደለሁም፤ ጎበዝ ነኝም አልልም።

የነበረችኝ ያገለገለች ባለ 250 ፎር ስትሮክ ናት። በመስከረም ወር ሞተሩ ሲሞቅ አልነሳም ማለት ጀመረ። ባለሙያ ሲያያት የመግቢያ ቫልቮቹ እንዳለቁና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መፈታት እንዳለበት ነገረኝ። የተጠየቅሁት ዋጋ ሞተር ሳይክሏን ከገዛሁበት ገንዘብ ከግማሽ በላይ ስለነበር እንዳለች ሸጥኳት።

አሁን ሁለት አማራጮች አሉኝ። ሁለቱም ያማሃ፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ. የ2019 ሞዴል፣ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። አንዱ ዋይዜድ 250 ቱ ስትሮክ፣ ሌላው ዋይዜድ 250 ኤፍ ፎር ስትሮክ። አብሮኝ የሚነዳ ጓደኛዬ «ቱ ስትሮክ በእያንዳንዱ ዙር ስለሚያቀጣጥል ጉልበቱ እጥፍ ነው» ይለኛል። እጥፍ ከሆነ ታዲያ ባለ 250ው ቱ ስትሮክ ባለ 450ውን ፎር ስትሮክ ጥሎት መሄድ ነበረበት፤ በሜዳው ላይ የማየው ግን እንዲያ አይደለም። ደግሞም የምነዳው ከ2,400 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። ከልምዳችሁ ብታካፍሉኝ ትልቅ ውለታ ነው።


ፋሻና_ካንዴላ
ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። አብዛኛው የሚመጣልኝ የሥራ ሞተር ሳይክል ቢሆንም፣ ሞተር ሞተር ነውና የማውቀውን ልንገርህ።

ጓደኛህ ግማሹን ትክክል ብሏል። በፎር ስትሮክ ውስጥ ፒስተኑ ሲወርድ አየርና ነዳጅ ይስባል፣ ሲወጣ ያምቃል፣ ነዳጁ ተቀጣጥሎ ወደ ታች ይገፋዋል፣ እንደገና ሲወጣ ጭሱን ያስወጣል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ጉልበት የሚገኘው አንድ ጊዜ ነው። ቱ ስትሮክ ይህን ሁሉ በአንድ ዙር ይጨርሳል። የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ፣ ቫልቭ የሚያዝ ሰንሰለት፣ ከቴስታታው (ከሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የሚሽከረከር ዘንግ የለውም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መስኮቶች አሉ፤ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ እንደ መጋረጃ ይከፍታቸዋል፣ ይዘጋቸዋል። አዲሱ ነዳጅ መጀመሪያ የሚገባው ክራንክ ሻፍቱ ወዳለበት ወደ ታችኛው ክፍል ነው፤ ፒስተኑ ሲወርድ ከዚያ ገፍቶ ወደ ላይ ይልከዋል።

እጥፍ የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የጭስ መውጫው መስኮት የሚከፈተው ፒስተኑ ወርዶ ሳይጨርስ ስለሆነ ከግፊቱ የተወሰነው ሳይሠራበት ይወጣል። አዲሱ ነዳጅ በሚገባበት ቅጽበት ደግሞ የጭሱ መስኮት ገና ክፍት ነው፤ ከነዳጁ የተወሰነው ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ያመልጣል። ያንን ሆዱ ያበጠ ማርሚታ፣ የጭስ ቱቦውን ማለቴ ነው፣ አይተኸው ይሆናል። ለጌጥ አይደለም እንዲያ የተሠራው። ጭሱ ሲወጣ የሚፈጥረው ሞገድ ሄዶ፣ ቱቦው ከሚጠብበት ቦታ ተመልሶ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ነዳጅ መልሶ ሲሊንደሩ ውስጥ ያስገባዋል። ሞገዱ በሰዓቱ የሚደርሰው ግን ሞተሩ በተወሰነ ፍጥነት ሲዞር ብቻ ነው። ከዚያ በታች ሞተሩ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ነው፤ እዚያ ሲደርስ ደግሞ እንደ ተፈታ ወይፈን ይዘላል። ይህን ዝላይ ለማለስለስ ነው እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ የጭስ መውጫውን ቁመት ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ክዳን የተጨመረው።

አሁን ወደ ሁለቱ ሞተሮችህ ልምጣ። የቱ ስትሮኩ ሲሊንደር ስፋት 66.4 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 72 ሚሊሜትር ነው። የፎር ስትሮኩ 77 በ53.6። ይዘታቸው አንድ ሆኖ ቅርጻቸው ተለያየ። ፎር ስትሮኩ ሰፊና አጭር የሆነው በጣም መፍጠን ስላለበት ነው። እንቁጠረው፦ ቱ ስትሮኩ በደቂቃ 8,500 ዙር ሲዞር 8,500 ጊዜ ያቀጣጥላል፤ ፎር ስትሮኩ 13,000 ዙር ዞሮ እንኳ የሚያቀጣጥለው 6,500 ጊዜ ነው። በኋላ ጎማ ላይ ሲለኩ ቱ ስትሮኩ 45 የፈረስ ጉልበት አካባቢ፣ ፎር ስትሮኩ 40 አካባቢ ያሳያሉ፤ ባለ 450ው ከ50 ያልፋል። እንግዲህ ከእኩያው ከባለ 250ው ፎር ስትሮክ ይበልጣል፣ ከባለ 450ው ያንሳል።

የአሜሪካ ውድድር ደንብም ይህንን አውቆ ነው ባለ 125ውን ቱ ስትሮክ ከባለ 250 ፎር ስትሮክ ጋር፣ ባለ 250ውን ደግሞ ከባለ 450 ጋር ያሰለፈው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳግ ሄንሪ የሚባል አሜሪካዊ ነጂ ላስ ቬጋስ ላይ በያማሃ ባለ 400 ፎር ስትሮክ ሱፐርክሮስ (በስታዲየም ውስጥ የሚደረግ ሞቶክሮስ) ሲያሸንፍ፣ በዓመቱም የሜዳውን ሻምፒዮና ሲወስድ የቱ ስትሮክ ዘመን ማዘንበል ጀመረ። አሥር ዓመት ሳይሞላ የፋብሪካ ቡድኖቹ ሁሉ ፎር ስትሮክ ላይ ነበሩ። ይህ የሆነው ሞተሩ በባሕርዩ ስለበለጠ ብቻ አይደለም፤ በደንቡ እጥፍ የሚጠጋ ይዘት ስለተፈቀደለት ጭምር ነው። አንተ የምታነጻጽረው ግን 250ን ከ250 ጋር ነው፤ እዚህ ላይ ቱ ስትሮኩ በጉልበት ይበልጣል። ይህን በልበ ሙሉነት እነግርሃለሁ።


አሸዋ_ነጂ
ሰኞ ከሰዓት

ከእስራኤል፣ ከቤር ሼቫ ነው የምጽፈው። የምነዳው ኔጌቭ በረሃ ውስጥ ነው፤ ባለ 450 ፎር ስትሮክ አለኝ፣ ከዚያ በፊት ባለ 250 ቱ ስትሮክ ነበረኝ። የፋሻና ካንዴላን ማብራሪያ በአክብሮት አነበብኩት፤ የሞተሩ አሠራር ትክክል ነው። «በጉልበት ይበልጣል» ብሎ መዝጋቱ ግን ጠያቂውን ያሳስተዋል ብዬ እሰጋለሁ።

ከፍተኛው ቁጥር ለአንድ ሰከንድ ያህል የሚገኝ ቁጥር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቁጥር በፊትና በኋላ ያለው ነው። አሸዋ ላይ ስትሄድ ቱ ስትሮኩ ከጉልበቱ ክልል በትንሹ ከወረደ የፊት ጎማው ይቀበራል። ወዲያው ፍሪሲዮን ትጨብጣለህ፣ ማርሽ ትቀንሳለህ፣ ሞተሩን ታስጮኸዋለህ። ይህን በአንድ ጠዋት መቶ ጊዜ አድርገው፤ ግራ እጅህ ዳቦ መቁረስ ያቅተዋል። ፎር ስትሮኩ ነዳጅ በሰጠኸው መጠን ይመልስልሃል፤ በሦስተኛ ማርሽ ገብተህ በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለህ። ዳካር በሚባለው የበረሃ ውድድር ላይ ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ በፎር ስትሮክ የሚነዱት፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮም ይዘቱ በ450 የተገደበው ያለ ምክንያት አይደለም። በረሃ ውስጥ ቱ ስትሮክ ቤንዚን ይጨርሳል፤ ሳልባትዮውን በሞላህ ቁጥር ዘይት ለክተህ መቀላቀልም አለብህ።

ሌላም አለ። የ2019ኙ ባለ 250 ፎር ስትሮክ በአዝራር ይነሳል፤ ቱ ስትሮኩ በእግር ነው የሚነሳው። ዳገት ላይ፣ አንድ እግርህ ገደል በኩል ሆኖ፣ ሞተሩ ሲጠፋብህ ልዩነቱ ይገባሃል። መካከለኛ ነጂ ነኝ ብለሃል። መካከለኛ ነጂ በፎር ስትሮክ ይፈጥናል፣ አይደክምምም። በሁለቱም ነድቼ ያየሁትን ነው የምነግርህ።


ድንጋይ_ወጪ
ሰኞ ማታ

ለአሸዋ ልክ ነህ። ለድንጋይስ? ኦስትሪያ ውስጥ አይዘንኤርዝ በሚባለው ቦታ፣ የብረት ማዕድን በሚቆፈርበት ተራራ ላይ የሚካሄደውን ኤርዝበርግ ሮዴዮ ተመልከት። አምስት መቶ ነጂዎች ተሰልፈው አራት ሰዓት ይሰጣቸዋል፤ በአንዳንድ ዓመት እስከ መጨረሻው የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ግራሃም ጃርቪስ የሚባለው እንግሊዛዊ አምስት ጊዜ አሸንፎታል፤ ያሸነፈውም በባለ 300 ቱ ስትሮክ ነው። ሲነዳ ብታዩት ሞተሩን አያስጮኸውም፤ ዝግ ባለ ድምፅ፣ በፍሪሲዮን እየመጠነ፣ ድንጋዩን እንደ ደረጃ ይወጣዋል። ቱ ስትሮክ ከታች ጉልበት የለውም የሚባለው ለባለ 125 እውነት ነው። ሲሊንደሩ 72 በ72 የሆነውን የኬቲኤም 300 ግን ይህ ነቀፋ አይመለከተውም። የጠያቂው ራምፓርት ሬንጅም ተራራ እንጂ በረሃ አይደለም።


የአባይ_ቁልቁለት
ማክሰኞ ጠዋት

ልጆቼ፣ ውይይታችሁ ደስ ብሎኛል። እኔ የውድድር ሞተር ነድቼ አላውቅም። ከ1984 እስከ 1992 ዓ.ም. ግን የአንድ የልማት ድርጅት የመስክ ሠራተኛ ሆኜ ጎጃምንና ወሎን በሞተር ሳይክል አዳርሻለሁ። በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ባለ 125 ቱ ስትሮክ ነበር የተሰጠኝ፣ ከዚያ በኋላ ፎር ስትሮክ። ስለ ቁልቁለት ማንም ስላላነሳ ነው የምጽፈው።

አንድ የጥቅምት ቀን ከደጀን ተነስቼ ወደ ጎሐ ጽዮን እሄዳለሁ። ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ ያለው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል። ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ነዳጅ መስጫውን ዘግቼ በሦስተኛ ማርሽ ለቀቅኳት። የዚያች ሞተር ሳይክል ዘይት በራሱ ዕቃ ተቀምጦ በፓምፕ የሚቀላቀል ነበር፤ የፓምፑ መጠን ደግሞ ከነዳጅ መስጫው ገመድ ጋር ታስሯል። ነዳጅ ስዘጋ ዘይቱንም እየነፈግኳት መሆኑን አላወቅሁም። ሞተሩ ግን በጎማው ተገፍቶ በከፍተኛ ፍጥነት ይዞራል።

ከድልድዩ በላይ ጥቂት መታጠፊያዎች ሲቀሩኝ ድምጿ ተለወጠ፤ ጥርስ እንደ ማፋጨት ያለ ነገር ሰማሁ። ወዲያው የኋላ ጎማው ተቆለፈ። እየተንሸራተትኩ ፍሪሲዮኑን ስጨብጥ ጎማው ተፈታ፤ እንደ ምንም ብዬ ከመንገዱ ዳር፣ ከገደሉ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆምኩ። እጄን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጋሁ፤ ሙቀቱ ከሩቅ ይጋረፋል፣ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሳዝኜው ከነሞተር ሳይክሏ ወደ ደጀን መለሰኝ። መካኒኩ ሲሊንደሩን ሲያወጣው ፒስተኑ ላይ በጭስ መውጫው በኩል ከላይ እስከ ታች ሁለት ጭረቶች ነበሩ። ጥፍሬን ሳስኬድባቸው ይይዘው ነበር።

መካኒኩ አንድ ነገር አስተማረኝ፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልነከሰችብኝም፣ ማለትም ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ አልተጣበቀም። ረጅም ቁልቁለት ላይ በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ጨብጣችሁ ነዳጅ ስጡ፣ ዘይቱ ይግባ፣ ከዚያ ልቀቁ።

ፎር ስትሮኩን ከተቀበልኩ በኋላ ያንኑ መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩት። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ኮርቻውን የያዘልኝ ያህል ነበር፤ ፍሬኑን እምብዛም አልነካሁትም። የፎር ስትሮክ ትልቁ ጸጋ ለእኔ ይህ ነው። ነገር ግን ክረምት ላይ፣ የመረሬው ጭቃ ጎማውና መከላከያው መካከል ገብቶ ሲደርቅ፣ አሮጌዋን እናፍቃት ነበር። እሷን ብቻዬን ከጭቃው አወጣታለሁ፤ ለሁለተኛዋ ከማሳ ላይ ገበሬ መጥራት ነበረብኝ።


ጠዋት_በደንቨር
ማክሰኞ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህንን የትም አላነበብኩም ነበር። እኔ የማያት ቱ ስትሮክ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ቀድሞ የሚቀላቀልባት ናት፤ እርስዎ ያሉት እሷንም ይመለከታል?

ፋሻና ካንዴላ፣ ስለ ከፍታው ምን ትላለህ?


ፋሻና_ካንዴላ
ረቡዕ ጠዋት

ጋሼ የነገሩህ ለአንተዋ እንዲያውም የበለጠ እውነት ነው። ዘይቱ የሚገባው ከቤንዚኑ ጋር ብቻ ነውና ቤንዚን ስትዘጋ ዘይቱም ይቆማል።

ስለ ከፍታ፣ እኛ የምንሠራው ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ጉዳዩ የዕለት እንጀራችን ነው። በየ300 ሜትሩ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተሩ በአንድ ጊዜ የሚስበው ኦክስጅን ያንሳል። በ2,400 ሜትር ላይ ከመቶ 24 ያህል አጣህ ማለት ነው። ከ45 የፈረስ ጉልበት 34 ይቀርሃል፣ ከ40ው ደግሞ 30። በመቶኛ ሲታይ ሁለቱም እኩል ይጎዳሉ። ግን 82 ኪሎ ሰው ተቀምጦበት ዳገት ለሚወጣ፣ 30 ላይ መድረስና 34 ላይ መድረስ አንድ አይደለም፤ ትንሹን ፎር ስትሮክ ሁልጊዜ አስጩኸህ መንዳት ይኖርብሃል። ቫልቭ የሚጨርሰውም ይኸው ጩኸት ነው።

በሌላ በኩል ፎር ስትሮኩ ነዳጅ የሚረጨው በኮምፒውተር ስለሆነ ከፍታውን ራሱ አውቆ ያስተካክላል። ቱ ስትሮኩ ካርቡሬተር ነው። ባሕር ወለል ላይ የተስተካከለ ካርቡሬተር እናንተ ጋ ሲወጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል፣ ያ ዝላይ ይጠፋል። ብዙ ሰው ቱ ስትሮክ በከፍታ ላይ ሞተ የሚለው ይህንን አይቶ ነው። ዋናውን ጄት፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ አንድ ሁለት ቁጥር ዝቅ አድርገህ፣ ካንዴላው ቡና መልክ እስኪይዝ ሞክር። ቆላ ስትወርድ ደግሞ መልሰው፤ ካልመለስከው ነዳጁ ያንስና ፒስተኑን ታቃጥለዋለህ። ይህ የሚሰለችህ ከሆነ ከ2018 ሞዴል ጀምሮ ነዳጅ በመርጨት የሚሠሩ የኬቲኤም ቱ ስትሮኮች አሉ፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ ይስቱታል። «ሞተሩ እንዳይጎዳ ዘይት ላብዛ» ብለህ ከአርባ አንድ የነበረውን ከሠላሳ ሁለት አንድ ብታደርገው፣ ማለትም በሊትር ከ25 ሚሊሊትር ወደ 31 ብታሳድገው፣ በዚያው ጄት የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። ዘይት ጨምረህ ሞተሩን ማሞቅ ትችላለህ ማለት ነው። መጠኑን ስትለውጥ ጄቱንም እይ።


ሰሜን_ጫካ
ረቡዕ ማታ

ሰላም፣ ከደቡብ ስዊድን ነኝ። ክብደቴ 58 ኪሎ ነው፤ ባለ 125 ቱ ስትሮክ ነድቼ ወደ ባለ 250 ፎር ስትሮክ የተሻገርኩ ሴት ነኝ።

ስለ ክብደት ጥቂት ልበል። በዘመኑ የያማሃ ዝርዝር ባለ 125ዋ 95 ኪሎ፣ ባለ 250ዋ ቱ ስትሮክ 103፣ ባለ 250ዋ ፎር ስትሮክ 106፣ ባለ 450ዋ ደግሞ 111 ኪሎ ትመዝናለች። በ103ና በ106 መካከል ያለው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው፤ ሚዛን ላይ ምንም አይደለም። ጫካ ውስጥ ግን ከዛፍ ወደ ዛፍ ስታዘነብሏት ፎር ስትሮኳ እንቢ ትላለች። ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ብረት ብዙ ነው፣ ከፊሉም ከላይ ቴስታታው ውስጥ ነው፤ በዚያ ላይ ነዳጅ ስትዘጉ ሞተሩ ስለሚይዛት አፍንጫዋን ወደ መሬት ትደፋለች። ቱ ስትሮኳ እንደ ብስክሌት ትታዘዛለች። ሰውነቴ ሲደክም የማስበው ስለ ፈረስ ጉልበት ሳይሆን ስለዚህ ነው።

የጭስ ቱቦው ነገር ሲነሳ ደግሞ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ታሪኩ በእኛ አካባቢ አልፏል። ያንን ሆዳም ማርሚታ ለውድድር ያበቃው በምሥራቅ ጀርመን ኤምዜድ የተባለው የሞተር ሳይክል ፋብሪካ መሐንዲስ የነበረው ቫልተር ካደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባለ 125 ሞተሩን 25 የፈረስ ጉልበት አስወጣው፤ በሊትር ሲሰላ 200 ማለት ነው፣ በዚያን ጊዜ ማንም ያልደረሰበት። የቡድኑ ነጂ ኤርንስት ዴግነር የዓለም ሻምፒዮናውን እየመራ በመስከረም ወር ለስዊድን ግራንድ ፕሪ ወደ ክርሻንስታድ መጣ፤ እኔ ካለሁበት ሩቅ አይደለም። የበርሊን ግንብ ከተጀመረ አንድ ወር ቢሆነው ነው። በውድድሩ ሞተሩ ተበላሸበት፤ እሱም ወደ አገሩ ሳይመለስ ወደ ምዕራብ ኮበለለ፤ የካደንን ምስጢር ይዞ ወደ ሱዙኪ ሄደ። የዚያ ዓመት ሻምፒዮና የሆንዳው ቶም ፊሊስ ሆነ፤ ሞተሩም ፎር ስትሮክ ነበር። በዓመቱ ግን ሱዙኪ በዴግነር ነጂነት የባለ 50ውን የዓለም ሻምፒዮና ወሰደ። በ1970ዎቹ የሱዙኪ ቱ ስትሮኮች ሞቶክሮሱን የተቆጣጠሩት በዚያው መንገድ ሄደው ነው። ካደን ግን እዚያው ቀረ፤ የልፋቱን ዋጋ ሌሎች ሲበሉት አየ። ይህ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።


አሸዋ_ነጂ
ሐሙስ ጠዋት

እህቴ፣ ይህን ታሪክ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ቶም ፊሊስ በፎር ስትሮክ መውሰዱን ግን አስምሬበታለሁ።

ለድንጋይ ወጪ አንድ መልስ አለኝ። ለድንጋይ ቱ ስትሮክ ግዴታ ከሆነ ቶኒ ቡ የሚባለውን ስፔናዊ ነጂ ምን እንበለው? በትራያል ውድድር፣ ማለትም እግር መሬት ሳይነካ ቋጥኝ በሚወጣበት ስፖርት፣ አብዛኞቹ ተፎካካሪዎቹ ቱ ስትሮክ ሲነዱ እሱ በሞንቴሳ ፎር ስትሮክ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የዓለም ሻምፒዮናውን በተከታታይ ወስዷል። የፎር ስትሮኩ ግፊት በመሃሉ ዕረፍት አለው፤ ጎማው በዚያ ዕረፍት መሬቱን መልሶ ይይዛል።

ስለ ጥገና ግን እጄን ሰጥቻለሁ። የድሮዋን ቱ ስትሮኬን ፒስተን፣ ፋሻና ጋስኬት በአንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳዬ ላይ ቀይሬያለሁ። የአሁኗን ለባለሙያ ነው የምሰጣት፤ የቫልቭ ክፍተት መለካቱን ተምሬያለሁ፣ ሰንሰለቱን መንካት ግን አልደፍርም።


ጠዋት_በደንቨር
እሑድ ማታ

ሁለቱንም ነዳኋቸው። የቱ ስትሮኳ ባለቤትና የፎር ስትሮኳ ባለቤት ቅዳሜ በተለያየ ሰዓት ራምፓርት ላይ አገኙኝ፤ እኔም አንድ ዳገት መርጬ ሁለቱንም በእሱ ላይ ፈተንኳቸው። አፈሩ የተሰባበረ ግራናይት ነው፤ ጠጠሩ ከጎማው ሥር እንደ በቆሎ ፍሬ ይንከባለላል።

በፎር ስትሮኳ መጀመሪያ ሙከራ ላይ ወጣሁ። ነዳጅ ጨመርኩ፣ ጨመረች፤ ቀነስኩ፣ ቀነሰች። ከግማሽ በኋላ ግን በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸች እንኳ ፍጥነቷ እየወረደ ሄደ፤ ወደ አንደኛ ስመልሳት ጎማው ቆፈረ። ሁለተኛ ጊዜ ስሞክር መሃል ላይ ጠፋች፤ አዝራሩን ተጫንኩ፣ ተነሳች። አሸዋ ነጂ ያለው ገባኝ። ቁልቁለቱን ስወርድም የጋሼን ቃል አስታወስኩ፤ በእርግጥ ከኋላ የሚይዝ እጅ አለ።

በቱ ስትሮኳ መጀመሪያ ሙከራ ላይ ወደቅሁ። በሁለተኛ ማርሽ ገብቼ ነዳጅ ስከፍት አንድ ሁለት ሜትር ዝም አለች፣ ከዚያ ድንገት ተቀጣጠለች፤ የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሄደ። አነሳኋት፤ ቀላል ናት። ሁለተኛ ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ ገባሁ፣ ነዳጁን ከግማሽ ሳላሳልፍ ፍሪሲዮኑን በአንድ ጣት እየመጠንኩ ወጣሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ ትርፍ ጉልበት ነበራት። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ ወጣሁ። በአምስተኛው ላይ ሞተሩን ምን ያህል እንዳላስጮኽኩት ሳስተውል ገረመኝ። ሲመሽ ክንዴ ዝሎ ነበር፤ ቤቴ የሄድኩት ግን ስለ እሷ እያሰብኩ ነው።

የምገዛት ቱ ስትሮኳን ነው። በዳገቱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ሞተሬ ውስጥ የሆነውን አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ የተነገረኝን አምኜ ሸጥኳት። የሚቀጥለውን ራሴ ከፍቼ ማየት እፈልጋለሁ።


ፋሻና_ካንዴላ
ሰኞ ጠዋት

ጥሩ። ገንዘቡን ከመክፈልህ በፊት ሞተሩ ሳይሞቅ እዚያ ተገኝ፤ ሻጩ አስቀድሞ ካሞቀው ቀዝቅዞ እስኪነሳ ጠብቅ። እምቅታውን በመለኪያ ለካ። የጭስ መውጫውን ክዳን ሽፋኑን ፈትተህ በጣትህ አንቀሳቅሰው፤ በከሰል ተጣብቆ ከቆመ ያ «ዝም ብላ ድንገት ተቀጣጠለች» ያልከው ይብስበታል። በካርቡሬተሩና በሞተሩ መካከል ያሉት ስስ ምላሶች ጫፋቸው እንዳልተሰበረ እይ። ኋላ ያለውን የካቴና ጥርስ በአንድ ሁለት ጥርስ ብታሳድገው ለዳገትህ ሦስተኛው ማርሽ ይበልጥ ይመችሃል። ጫካ ውስጥ ስለምትነዳ ማርሚታው ላይ የእሳት ፍንጣሪ መከላከያ ያስፈልግሃል፤ የሞቶክሮስ ሞተሮች ይዘውት አይመጡም።

ሌላ ሻጭ ካገኘህ ደግሞ ዋይዜድ 250 ኤክስ የምትባለውን እያት። ያው ሞተር ነው፤ እምቅታው ዝቅ ብሎ፣ ማርሹ ሰፍቶ፣ የኋላ ጎማው 18 ኢንች ሆኖ ለጫካ የተሠራ።


የአባይ_ቁልቁለት
ሰኞ ከሰዓት

ልጄ፣ ስትከፍታት የፒስተኑን የጭስ መውጫ በኩል በመጀመሪያ እይልኝ።


ጠዋት_በደንቨር
ከሁለት ሳምንት በኋላ

ጋሼ፣ ገዛኋት፤ ዛሬ ከፈትኳት። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ፈጀብኝ። አሁን ፒስተኑ የወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ላይ፣ ጋዜጣ ተነጥፎለት ተቀምጧል። ፋሻው አልቋል፤ ክፍተቱን ስለካው ከመመሪያው ወሰን አልፏል፣ አዲሱን አዝዣለሁ። ራሱ ላይ ያለው ከሰል እኩል ነው፣ መልኩም ቡናማ።

እንዳሉኝ በጭስ መውጫው በኩል ጥፍሬን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ አስኬድኩበት። የትም አልያዘኝም።